ልጆቻችን መጀመሪያ የሚያዩት ምን ይሁን?

(በሬዲዮ ለቤተሰብ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሕፃናት መጽሐፍ ላይ ስላለ ሥዕልና ፎቶግራፍ ነው። ገና አፉን እየፈታ ያለ ልጅ ነገሮችን በምን ዓይነት ምስል ቢማር ይሻለዋል? እውነተኛውን በሚመስል ምስል? ወይስ ላሟ ቀሚስ ለብሳ በሁለት እግሯ በምትደንስበት? በቤታችን ውስጥ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄም አለ፤ «ለመሆኑ ሥዕል ራሱ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው። ሁለቱንም በአንድነት እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር

በአንድ መድረሳ ሥር ባለ መዋዕለ ሕፃናት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ይሁን እንጂ የዛሬውን ትምህርት ያገኘሁት ከክፍል ሳይሆን ከቤቴ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆናት ሲል አባቷ የዐረብኛ ፊደላት የሚያስተምር መጽሐፍ ገዛላት። በየገጹ አንድ ፊደልና አንድ ሥዕል ነበረበት። ለአሊፍ አንበሳ፣ ለጂም ግመል፣ ለዳል አውራ ዶሮ። ልጄ መጽሐፉን ትራሷ ሥር ሳታደርግ አትተኛም ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ሥዕል የሚናገር ደርስ ሰማሁ። የሰማሁት ግማሹን ነው፤ የገባኝም ከግማሹ ያነሰውን ነው። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ ጥቁር እስክሪፕቶ አነሳሁና የእንስሳቱን ሁሉ ዓይን አንድ በአንድ አጠቆርኩት። ቤቴን ያጸዳሁ መስሎኝ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት መጽሐፏን ገልጣ ስታይ ዝም አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ኡሚ፣ ዶሮውን ማን መታው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን መጽሐፍ አላነሳችውም። ሌላ መጽሐፍ ሲመጣላትም መጀመሪያ የምትፈልገው የእንስሳውን ዓይን ነበር። ከወራት በኋላ ለዒድ ዶሮ ተገዝቶ ሲመጣ በር ኋላ ተደበቀች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነውና ልጄ ዶሮን የምታውቀው በዚያ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ቀስ ብላ ጠጋ አለችና አስተውላ አይታው፣ «ኡሚ፣ ይሄኛው ዓይን አለው!» ብላ ጮኸች።

ውድ አድማጮች፣ ይህች ቃሏ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ያን ቀን ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ለሕፃን ሥዕል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ስለ ዓለም የሚነገረው ወሬ ነው። በወሬው ላይ ያበላሸነውን በዓለሙም ላይ የተበላሸ አድርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ በዲን ጉዳይ ሳይጠይቁ መቁረጥ ከባድ ጥፋት ነው።

ሸኹ ያሉኝ

በሰፈራችን ወደሚገኙ አንድ አዛውንት ሸኽ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ እስክሪፕቶውን ከማንሳትሽ በፊት ለምን አልመጣሽም?» አሉኝ። ከዚያም ተረጋግተው አስረዱኝ። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ከእሳቸው የሰማሁትንና በኋላም አንብቤ ያረጋገጥኩትን ብቻ ነው የማካፍላችሁ።

በአንድ በኩል፣ ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ምስል መሥራትን አጥብቀው የሚከለክሉ ትክክለኛ ሐዲሶች አሉ። ምስል ያለበት መጋረጃ በቤታቸው ተሰቅሎ ባዩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥላታቸውን፣ ዓኢሻም (ረ.ዐ) ቆርጣ ለመደገፊያ ትራስ ማድረጓን ሐዲስ ይነግረናል። ስለዚህ ይህንን ጉዳይ የሚፈሩ ወላጆች ያለ ነገር አይፈሩም፤ ሊፌዝባቸውም አይገባም።

በሌላ በኩል፣ ዓኢሻ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በአሻንጉሊቶች ትጫወት እንደነበረ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ጓደኞቿ እሳቸው ሲገቡ አፍረው ሲደበቁ፣ አብረዋት እንዲጫወቱ ወደሷ ይልኳቸው ነበር። ከዚህ ሐዲስ በመነሳት ቃዲ ዒያድ፣ ኢብኑ ሐጀርም እንደጠቀሱት፣ አብዛኞቹ ዑለሞች የልጆችን አሻንጉሊት ከጠቅላላው ክልከላ ለይተው መፍቀዳቸውን ገልጸዋል። ምክንያታቸውም የማሳደግ ትምህርት ስለሚገኝበት ነው።

ፎቶግራፍን በተመለከተ የዘመናችን ዑለሞች ተለያይተዋል። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ጥላ ይዞ ማስቀረት እንጂ አዲስ ምስል መፍጠር አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው። እንደ ሸኽ ኢብኑ ባዝ ያሉ ሌሎች ታላላቅ ዑለሞች ደግሞ ካላስቸገረ በስተቀር አይፈቀድም ብለዋል። ነፍስ የሌላቸውን ነገሮች፣ ማለትም ዛፍን፣ ፍራፍሬን፣ ተራራን፣ የቤት ዕቃን በሥዕልም ሆነ በፎቶግራፍ ማሳየትን ግን አብዛኞቹ ዑለሞች የፈቀዱት ነው። ለዚህም ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተዘገበ ግልጽ ማስረጃ አላቸው።

ሸኹ በመጨረሻ፣ «ጠንከር ያለውን አቋም የያዘ አይነቀፍም፣ ገር ያለውን የያዘም አይነቀፍም። ሁለቱም ዓሊም አላቸው። አንቺን የምነቅፍሽ ዓሊም ሳይኖርሽ ስለቆረጥሽ ነው» አሉኝ።

አላህ ሰውን በማሳየት አስተምሯል

ውድ ወላጆች፣ ቁርኣንን ልብ ብለን ስናነብ ማሳየት ትልቅ የማስተማሪያ ዘዴ መሆኑን እናገኛለን። በሱረቱል በቀራ አላህ (ሱ.ወ) ለአደም (ዐ.ሰ) ስሞችን ሁሉ እንዳስተማረ፣ ከዚያም ነገሮቹን በመላእክት ፊት እንዳቀረባቸው ተነግሯል። ስምና ባለ ስሙ አብረው ነው የመጡት። በሱረቱል ማኢዳ ወንድሙን የገደለው የአደም ልጅ አስከሬኑን የሚያደርግበት ሲያጣ፣ አላህ መሬት የሚጭር ቁራ ልኮ አሳየው። በሱረቱል ጋሺያም ሰዎች ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራሮችንና ምድርን እንዲመለከቱ ተጠርተዋል። በዐረቢያ በረሃ ለነበረ ሰው እነዚህ በየቀኑ በዓይኑ ሥር ያሉ ነገሮች ናቸው። ትምህርቱ ከሚያውቀው ጀመረ ማለት ነው።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) መሬት ላይ መስመር እየሰመሩ ያስተምሩ ነበር። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት አራት ማዕዘን ሰመሩ፤ በመካከሉ አልፎ የሚወጣ መስመር፣ በጎኑም ትናንሽ መስመሮችን አደረጉ። የሰውን ልጅ፣ የከበበውን የዕድሜ ገደብ፣ ከገደቡ አልፎ የሚሄደውን ምኞቱንና የሚያገኙትን አደጋዎች በዚያ አስረዱ። ልብ በሉ፤ ይህ ትምህርት ለአዋቂ ነበር። መስመር ምኞትን ሊወክል እንደሚችል የሚገባው የበሰለ አእምሮ ነው። ሕፃን ግን እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለው።

ሕፃን ሥዕልን እንዴት ያያል?

ይህንን መንገድ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ አጥንተውታል። ጁዲ ዴሎሽ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የዘጠኝ ወር ሕፃናት የዕቃዎች ፎቶግራፍ ያለበትን መጽሐፍ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ተመለከቱ። ሕፃናቱ ሥዕሉን ይዳብሱታል፣ ይመቱታል፣ ዕቃውን ከወረቀቱ ላይ ለማንሳት ይሞክራሉ። ጥናቱ በአሜሪካ ብቻ አልቆመም፤ በኮትዲቯር የሚኖሩ የቤንግ ሕዝብ ሕፃናትም እንዲሁ አደረጉ። ወደ 19 ወር ሲደርሱ ግን መዳበሱን ትተው በጣታቸው መጠቆም ይጀምራሉ። ይህም ማለት ሥዕል ዕቃው ራሱ ሳይሆን ስለ ዕቃው የሚናገር ነገር መሆኑን ሰው ሲወለድ ይዞት አይመጣም፤ ቀስ በቀስ ይማረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ፓትሪሺያ ጋኔያ ከዴሎሽና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት ደግሞ የ15 እና የ18 ወር ሕፃናት በመጽሐፍ ላይ አዲስ ስም ተምረው ያንን ስም ወደ እውነተኛው ዕቃ ማሻገር እንደሚችሉ ታየ። ነገር ግን ሥዕሉ እውነተኛውን ዕቃ ይበልጥ በመሰለ ቁጥር ማሻገሩ ይቀላቸዋል፤ ከካርቱን ይልቅ ፎቶግራፍ ረድቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ18 እስከ 30 ወር ባሉ ሕፃናት ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ልጆች በሥዕል መጽሐፍ ያዩትን አሠራር በእጃቸው ሲደግሙ፣ የሥዕሉ እውነተኛ መምሰልና የልጁ ዕድሜ ለውጥ እንደሚያመጡ አሳይቷል።

ለምን? ለአዋቂ ክብ፣ ሁለት ነጥብና ጭረት «ፊት» ነው። ይህ የሆነው ብዙ ፊት ስላየን ነው። የጎደለውን ከራሳችን እንሞላዋለን። ሕፃን ግን የሚሞላበት ገና የለውም። ሐምራዊ ላም ያየ ልጅ ሥዕሉ ቀልድ መሆኑን የሚያውቀው እውነተኛዋን ላም ካወቀ በኋላ ነው። አለበለዚያ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በልጆቻችን ላይ ይደርሳል።

በክፍሌ የነበረ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ለዒደል አድሐ ወሎ አያቱ ዘንድ ደርሶ መጣ። «ላሟን አየሃት?» ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱን አጨፍግጎ፣ «አይቻታለሁ ኡስታዛ፣ ግን ታኮርፋለች። ባናግራትም አልመለሰችልኝም» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከስልክ የተማረውን ላም ይዞ አያቱ በረት መግባቱን አሰብኩ። ላሟን በመጠጋቱ ረግጣው ቢሆንስ ኖሮ? ፈገግ የሚል ጅብና የሚያቅፍ ውሻ ብቻ ያየ ልጅ በመንገድ ላይ ውሻ ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል? ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ነው።

ጋኔያና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት ይህንኑ የሚደግፍ ነው። እንስሳትን እንደ ሰው የሚያናግሩና የሚያለብሱ መጻሕፍት በተለይ ታናናሾቹ ልጆች ስለ እንስሳው የሚይዙትን እውነተኛ ዕውቀት ቀንሰዋል። ከሁሉም የሚያስገርመው፣ ሥዕሉ እውነተኛውን የሚመስል ሆኖ እንኳ አንባቢው እንስሳውን እንደ ሰው አድርጎ ከተናገረ ልጆቹ ለእንስሳው የሰው ጠባይ መስጠታቸው ነው። ስለዚህ እናት ሥዕሉን እያሳየች የምትናገረው ቃል ከሥዕሉ የማያንስ ኃላፊነት አለበት።

«ታዲያ ተረት ይቅር?» ለሚሉ

አንዳንዶቻችሁ፣ «እኛ ያደግነው ቀበሮና ጅብ በሚነጋገሩበት ተረት አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። ግን እንዴት እንደነበር አስታውሱ። አያታችን «ተረት ተረት» ስትል እኛ «የላም በረት» ብለን ነበር የምንገባበት። ያ ቃል በር ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ተረት መሆኑን ያሳውቀናል። ደግሞም የጅቡን ጩኸት ማታ ማታ በጆሯችን እንሰማ ነበር፤ ላሟንም ስትታለብ አይተናል። እውነቱን ስለምናውቀው ተረቱ አላሳሳተንም።

በአቡ ዳውድ የተዘገበውን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ከአሻንጉሊቶቿ መካከል ከጨርቅ የተሠሩ ሁለት ክንፎች ያሉት ፈረስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰች። እሳቸውም ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። አልከለከሏትም። ነገር ግን ጥያቄውን ጠይቀዋል። እሷም ፈረስ ምን እንደሆነ፣ ክንፉም ከየት እንደመጣ አሳምራ ታውቅ ነበር።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፈረሱ፣ ቀጥሎ ክንፉ። ምናብ የአላህ ስጦታ ነው፤ መሠረቱ ግን እውነት ይሁን።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከሥዕሉ በፊት ዕቃው። ከሁሉ የተሻለው መጽሐፍ ማዕድ ቤታችሁ ነው። ሽንኩርትና ድንች፣ ምስርና ሽምብራ፣ ስንዴና ገብስ፣ ጀበናና ሲኒ። ልጁ ይዳብስ፣ ያሽት፣ ይመዝን። ጥቃቅን ጥሬዎችን ግን ወደ አፉና ወደ አፍንጫው እንዳይከት ከአጠገቡ አትራቁ። ጠንከር ያለውን አቋም ለያዙ ቤተሰቦችም ይህ በር ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። እንስሳውን ራሱን ማሳየት ከማንኛውም ምስል ይበልጣል፤ ጎረቤት ያለውን በግ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን አህያ።

ሁለተኛ፣ ሥዕል ስትመርጡ ግልጽ የሆነውን ምረጡ። በአንድ ገጽ አንድ ነገር፣ ቀለሙ እንደተፈጥሮው፣ ዙሪያው ያልተጨናነቀ ይሁን። ልጁ አይቶት የማያውቀውን የበረዶ ቤትና የሩቅ አገር ፍሬ ከመግዛታችሁ በፊት ሙዝ፣ ሎሚ፣ ዘይቱንና አቮካዶ ይቅደሙ።

ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍን በተመለከተ ገር ያለውን አቋም የምትከተሉ ከሆነ መጽሐፉን ራሳችሁ አዘጋጁ። የቤታችሁን ጀበና፣ የበራችሁን ዛፍ፣ የሰፈራችሁን መስጊድ፣ የአያቱን ላም በስልክ አንስታችሁ ፎቶ ቤት አሳጥቡት። ዐሥር ፎቶ ይበቃል። ደብተር ላይ ለጥፋችሁ ሥሩ ስሙን ጻፉበት። ግድግዳ ላይ መስቀል አያስፈልግም፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ተከድኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ሥዕሉንና ዕቃውን አገናኙ። «ይህ ጀበና ነው» ብላችሁ አታቁሙ። «የኛ ጀበና የት አለች? ሂድና አሳየኝ» በሉት። ልጁ ከወረቀቱ ተነስቶ ወደ ዕቃው የሚሄድባት ያቺ ጉዞ ናት ትምህርቱ።

አምስተኛ፣ መጠንን አስረዱ። በመጽሐፍ ላይ ጉንዳንና ዝሆን እኩል ገጽ ይይዛሉ። በየሳሎናችን የተሰቀለውን የካዕባ ፎቶግራፍ ተመልከቱ። አንድ ልጅ፣ «ካዕባ እንደ ሳጥን ትንሽ ናት» ብሎኝ ያውቃል። በዙሪያዋ ያሉትን ነጠብጣቦች እያሳየሁ፣ «እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ አንተም ብትቆም ይህችን ታህላለህ» አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። ካዕባ ያን ቀን በልቡ ውስጥ ትክክለኛ መጠኗን አገኘች።

ስድስተኛ፣ እውነት ተናገሩ። «ላሟ ሣር ትበላለች፣ ጥጃዋን ታጠባለች፣ ወተት አላህ በእሷ በኩል ይሰጠናል» በቂና ውብ ትምህርት ነው። ተረት ስትነግሩ ደግሞ ተረት መሆኑን አስታውቁ።

ሰባተኛ፣ ስልኩን መጥኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት በስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። ስልክ ውስጥ ያለው ሥዕል አይጠብቅም፤ ልጁ ሳይጠይቅ ያልፋል። በመጽሐፍ ላይ ያለው ግን እስኪጠግበው ይቆይለታል። ከሁሉም በላይ መጽሐፉ እናትንና አባትን አጠገቡ ያስቀምጥለታል።

የተከበራችሁ ተከታታዮቻችን፣ ዓይን ያጠቆርኩባት ልጄ ዛሬ አድጋለች። ከሸኹ ቤት በተመለስኩ ማግስት አዲስ ደብተር ገዛሁ። እሷና እኔ ቁጭ ብለን የማዕድ ቤታችንን ዕቃዎች፣ የበራችንን ዛፍ፣ የሰፈራችንን መስጊድ አንድ በአንድ አስገባንበት። መጀመሪያ ላይ ገጹን የምትገልጠው እየፈራች ነበር። አንድ ቀን ግን ደብተሩን ራሷ ይዛልኝ መጣች። «አውፍ በይኝ» ብያት ነበር፤ እሷም ሳትረሳ አውፍ አለችኝ። እናንተ ግን እንደኔ ከልጃችሁ ይቅርታ እስከምትጠይቁ አትጠብቁ። ስታጠራጥሩ ዓሊሞችን ጠይቁ፣ ልጃችሁንም አስተውሉ።

ልጆች በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው። መጀመሪያ የምናሳያቸው ነገር እውነት ይሁን፤ አላህ የፈጠረውን እንደፈጠረው ያዩት ዘንድ። እውነትን በትንሽነቱ የለመደ ዓይን ሲያድግም ውሸትን ለመለየት ይቀልለዋል።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ጠቃሚ ዕውቀትንም ይለግሳቸው፤ ባለማወቅ ያጠፋነውን ይቅር ይበለን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።